ከቦንደሁን የመጡ አቤት ባዮች

ተሸካሚዎቹ ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ሩጫ ጀመሩ። የቦንደሁን ሹም ማዳ ሆታጉዋ ከረጅም እንጨት ላይ በተንጠለጠለው የሸማ መሸከሚያ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተንገላቱ፣ «ቀስ በሉ እንጂ! ሬሳ መሰልኳችሁ?» ብለው ጮኹ። በአንድ እጃቸው የመሸከሚያውን ጠርዝ ጨብጠዋል፤ በሌላው አገጫቸውን ሸፍነዋል። ከቤታቸው ከወጡ ጀምሮ ያ እጅ ከአገጫቸው ላይ ተነስቶ አያውቅም።

ያታ ከኋላ ትከተላለች። በራሷ ላይ የሩዝ ቅርጫት ተሸክማለች፣ በእጇ የብረት ድስትና የዘንባባ ዘይት የያዘ ቅል አንጠልጥላለች። ሰው የሚያውቀው የሹሙ ወጥ ሠሪ ሆና ወደ ባህሩ ከተማ እንደምትወርድ ነው። እሷ ግን የምትሄደው ባሏን ፍለጋ ነበር።

ባሏ ቫንዲ ሸማኔ ነው። ጠዋት ጠዋት እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ከማንጎው ጥላ ሥር ይሸምናል፤ ሲሠሩ ደግሞ ይነታረካሉ። «ክርሽ እንደ ነገርሽ ይቋጠራል» ይላታል። «አንተም እንደ ሸማህ ጠባብ ነህ» ትለዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይህን ንትርክ ለመስማት ሥራውን ይዞ ይጠጋቸው ነበር። ቫንዲ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ አፉ ላይ የመጣውን መዋጥ አያውቅበትም።

የነጩ ገዥ ፖሊሶች ወደ ቦንደሁን ሲመጡ ሕዝቡ ደስ ብሎት ነበር። ቀይ ቆብ፣ ሰማያዊ ኮት፣ አጭር ጠመንጃ፣ ባዶ እግር። የነጋዴውን መንገድ ከሽፍታ ይጠብቃሉ ተባለ። እውነትም ሽፍታው ጠፋ። ቀጥሎ ግን ዶሮው ጠፋ፣ ፍየሉ ጠፋ፣ ውሃ ልትቀዳ የወረደች ልጃገረድ የፖሊሶቹን እንስራ ሞልታ ካልመጣች መመለስ ተከለከለች። አቤት ለማለት ደግሞ ያለው በር አንድ ነው፤ እሱም የጣቢያው አለቃ የኮርፖራል ሞሪባ በር ነው። ፍየሉ የተወሰደበት ሰው ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ ፍየሉ ከጓሮ ታስራ ስትጮህ እየሰማ፣ ለወሰዳት ሰው መልኳን ያስረዳል። ኮርፖራሉም አንገቱን እየነቀነቀ፣ «እናፈላልጋለን» ይለዋል።

አንድ ቀን የጎረቤታቸው የመበለቲቱ ዶሮዎች ከነጫጩቶቻቸው ተወሰዱ። ቫንዲ መወርወሪያውን ጣል አድርጎ ተነሳ።

«የት ልትሄድ ነው?» አለች ያታ።

«አቤት ልል።»

ኮርፖራሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ነበር። «ማንን ነው የምትከሰው?» አለው።

«አንተን።»

«ለማን?»

«ለአንተ ነዋ! ሌላ ማን አለን?»

ውሃ ቀድተው የሚያልፉ ሴቶች ሳቁ። ቫንዲን የጎዳው ያ ሳቅ ነው። እስከ ማታ ከባንዲራው እንጨት ጋር ታስሮ ዋለ፤ በማግስቱ የፖሊስ ጓዝ ተጭኖ ወደ ምሥራቅ ከሚሄዱት ተሸካሚዎች መሃል አሰለፉት። ያታ እየጮኸች እስከ ወንዙ ተከተለችው። አንገቱ በሸክሙ ስለተያዘ መዞር አልቻለም። «ሩዙን ለወፍ እንዳታስጨርሺው!» ሲል ብቻ ሰማችው። ይህ የሆነው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ሩዙ ታጨደ፣ ተወቃ፣ ተበላ። ቫንዲ አልመጣም።

ጣቢያው ሄዳ ጠየቀች፤ «መንገዱ የሚሄድበት ሄዷል» አሏት። ከወንዙ ማዶ ላለው ሰርጀንት አቤት አለች። ሰርጀንቱ ደህና አድርጎ ሰማት፣ አዘነላት፤ ነገሩን እንዲያጣራም አንድ ፖሊስ አብሯት ላከ። ፖሊሱ የሞሪባ ባልደረባ ነበር። መንገዱን ሙሉ ጓዙን አሸክሟት ተመለሰ፤ ማጣራቱም በዚሁ አለቀ። ማዳ ሆታጉዋ እግር ላይ ወደቀች። «ልጄ፣ ከእሳት ጋር ግብግብ የለም» ብለው አሰናበቷት።

በመከሩ ማብቂያ ግን ኮርፖራል ሞሪባ በሹሙ ግቢ ገብቶ፣ ሚስቶቻቸው እያዩ፣ የላኩለት ሩዝ አነሰኝ ብሎ የሹሙን ነጭ ጺም በእፍኙ ይዞ ነጨው። ያን ጊዜ ነው ማዳ ወደ ባህሩ ከተማ፣ ወደ ገዥው የሚወስድ መንገድ መኖሩ ትዝ ያላቸው። ያታ ይህን ሰማች። ለቫንዲ ያልተነሳ ሹም ለጺሙ ተነሳ ብላ በሆዷ ያዘችው፤ ድስቷንም አንስታ ተከተለች።

ጥላ ሥር ሲያርፉ አፈ ሹሙ ላሃይ ወደ ምድጃዋ ጠጋ አለ። ላሃይ ሹሙን ወክሎ በአደባባይ የሚናገር ሽቅርቅር ሽማግሌ ነው።

«ስሚ ያታ፣ እዚያ ስንደርስ አንቺ አትናገሪም።»

«እኔ ምን እናገራለሁ? ድስት ነኝ እኮ።»

«ድስትም ሲፈላ ክዳኑን ይወረውራል። እኔ የምፈራው እሱን ነው።»

ያታ ሳቀች፤ ሳቋም መሃል ላይ ቆመባት። ቫንዲ ከተወሰደ ወዲህ አንድ ልማድ ይዟታል። ያየችውንና የሰማችውን ሁሉ ለእሱ ልትነግረው ታስቀምጣለች። የላሃይን ንግግር አስቀመጠች። በጀልባ ወደ ታች ሲወርዱ ያየችውን፣ አፉን ከፍቶ የሚያንቀላፋ አዞ አስቀመጠች። መጨረሻ ላይ ወንዙ ዳርቻው ጠፍቶ ባህር ሲሆን፣ ሌሎቹ በድንጋጤ ሲጮሁ እሷ ትኩር ብላ አየችው። ይህን ብቻዋን ማየቷ እንደ ስርቆት ተሰማት።

ገዥው ወዳለበት የባህር ከተማ፣ ወደ ፍሪታውን፣ ሲደርሱ ደጅ ጥናት ተጀመረ። አቤቱታ ሰሚው ሹም ዛሬ ታሟል፣ ነገ ይምጡ። ዛሬ መርከብ መጥቷል፣ ነገ። ዛሬ እሑድ ነው። ተሸካሚዎቹ ወደብ ወርደው ሥራ ያዙ። ማዳ አገጫቸውን እንደያዙ በተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ውስጥ እየከሱ ሄዱ። በመጨረሻ ተጠሩ።

አቤቱታ ሰሚው ሹም ወባ ያጠወለገው፣ ትሑት ነጭ ሰው ነበር። ከአጠገቡ አስተርጓሚው ሚስተር ኒኮል ቆሟል፤ አንገትጌው የደረቀ፣ የእነ ያታን ቋንቋ ሜንዴኛን እንደ ገበያ ሰው የሚናገር የከተማው ተወላጅ ነው። ማዳ ተነሱ። ከአባታቸው አባት ጀመሩ። የተዋጉትን ጦርነት፣ ከገዥው ጋር የገቡትን ቃል፣ ያስተናገዱትን እንግዳ ሁሉ ተረኩ። ከዚያ ጺማቸው ላይ ደረሱና ድምፃቸው ተሰበረ።

ሹሙ አንድ ነገር ጠየቀ። ሚስተር ኒኮል፣ «ይህ ኮርፖራል ከዚህ በፊት የማን ሰው ነበር? ይሉዎታል» አለ።

«የእኔ!» አሉ ማዳ፣ ክሱ የሚጠነክርላቸው መስሏቸው። «በእኔ ቤት ነው ያደገው። እናቱን በጨው ነው የገዛኋት። ቤቴን ጥሎ ጠፍቶ፣ ይህን ኮት ለብሶ መጣብኝ!»

ሚስተር ኒኮል ትንሽ ዘገየ፤ ከዚያ ተረጎመው። የነጩ ሹም ፊት እንደ መስኮት ተዘጋ። ያታ ቋንቋውን ባታውቅም ያንን አየች። ሞሪባን በልጅነቱ ታውቀዋለች፤ በማዳ ግቢ እንጨት የሚፈልጥ፣ ሰው ከበላ በኋላ ድስት የሚጠርግ ልጅ ነበር። የተበደለ ሰው ነው። ግን የበደሉት የመበለቲቱ ዶሮዎች አልነበሩም። ቫንዲም አልነበረም።

«ነገሩ ለአካባቢያችሁ የፖሊስ አዛዥ ይላካል» አለ ሚስተር ኒኮል። «አዛዡ ኮርፖራሉን ይጠይቀዋል። መልሱን ኮርፖራሉ ያደርስላችኋል።»

«ማን ያደርስልናል?» አለች ያታ።

ላሃይ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታዬ» አለች ከተቀመጠችበት ተነስታ፣ «እኔ ጺም የለኝም። ሰው ገዝቼም አላውቅም። ባል ነበረኝ። አሁን እናንተ ሂዱበት የምትሉትን በር ባሌ አንኳኩቶታል፤ የታሰረው በሩን ስላንኳኳ ነው። ነብር ፍየሌን በላብኝ ብዬ ለነብር ልንገር? ነብሩስ ምን ይለኛል? ‹ሥጋዋ ለስላሳ ነበር› ነው የሚለኝ።» ሚስተር ኒኮል ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ ነገር አልታወቀም። «ኮርፖራሉን ግረፉት አልልም። ጺሙንም ንጩት አልልም። ባሌን የት እንዳስቀመጣችሁት ንገሩኝና ሄጄ አመጣዋለሁ። ስሙ ቫንዲ ነው። ሸማኔ ነው። ሲናገር ሰው ያስቃል። ያየው ሰው አይረሳውም።»

ተተረጎመ። ሹሙ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሰ።

«ተሸካሚዎች ብዙ ናቸው ይላሉ። ያንቺም ጉዳይ አብሮ ይላካል።»

«ወዴት?»

ሚስተር ኒኮል መሬት መሬት እያየ፣ «ወደዚያው» አላት።

ወጡ። ያታ ግን ደረጃው ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች። ዘበኛው መጥቶ ተነሺ አላት። ላሃይም ተነሺ አላት። «ባሌ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሲመጣ እነሳለሁ» አለች።

ማዳ ሆታጉዋ ቆመው አዩዋት። ከዚያ ማንም ያልጠበቀውን አደረጉ፤ ልብሳቸውን ሰብስበው ከባዶው ድንጋይ ላይ ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«ምንጣፍ! ምንጣፍ አምጡ!» ብሎ ጮኸ ላሃይ። የሜንዴ ሹም ባዶ መሬት ላይ አይቀመጥማ።

«ተወው» አሉ ማዳ። ድምፃቸውን ለያታ ብቻ አሰሙ። «ቫንዲን ሲወስዱት እራት እየበላሁ ነበር። ጩኸትሽን ሰምቼ ነበር። መብላቴን አላቆምኩም።»

 ማዳ ይህን ብለው ቀና አሉ። እጃቸውን ከአገጫቸው ላይ አነሱት፤ የተነጨው ቦታ ለሚያልፍ ሁሉ ታየ።

ሰውም አየ። ወደቡ ላይ የሚሠሩ የሜንዴ ልጆች ሹም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ ሲባል እየሮጡ መጡ። «ማዳ፣ ማነው እንዲህ ያደረገዎት?» ብለው በማዕረጋቸው ጠርተው ሲጠይቁ፣ ላሃይ ነገረ ነገሩን በአደባባይ ድምፁ ተረከላቸው፤ በዚያ ቀን የተናገረውን ያህል በሕይወቱ አሳምሮ ተናግሮ አያውቅም። ሲጨርስ አንዱ፣ «የእኛም አገር እንዲሁ ነው» አለ። ዓሣ ሻጯ ቅርጫቷን አወረደችና ስለ ወንድሟ ጀመረች። በማግስቱ ደረጃው ሞላ። መንገዱም ሞላ። የተሰበረ እጁን የሚያሳይ፣ ልጇ የተወሰደባት፣ አቤት ብሎ የተገረፈ። ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ተራ በተራ እየተነሱ በደላቸውን እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ እስከ መጨረሻው የሰማቸው ሰው አልነበረምና ብዙዎቹ ሲጨርሱ አለቀሱ። ነጩ ሹም ከላይ ከመስኮቱ ሆኖ ያያቸው ነበር።

በመጨረሻ ሚስተር ኒኮል ወደ ደረጃው ወረደ። «ኮርፖራል ሞሪባ ከቦንደሁን ይነሳል» ብሎ አወጀ። «ሌላ ጣቢያ ይመደባል። በእሱ ቦታ አዲስ ኮርፖራል ይመጣል።»

ሰው እልል አለ። ላሃይ ልብሱን ሰብስቦ ጨፈረ። ዓሣ ሻጯ ብቻ፣ «ሌላ ጣቢያ ማለት የማን ፍየሎች ያሉበት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ቫንዲስ?» አለች ያታ።

ሚስተር ኒኮል «አይታወቅም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ከኋላ ትከሻው በሸክም የተላጠ ሰው ሕዝቡን እየገፋ መጣ። «ቫንዲ ነው ያልሽው? ሸማኔው? አፉ የማያርፈው?»

ያታ ተነሳች።

«ከሞአ ወንዝ ማዶ ድረስ አብረን ተሸክመናል። ፖሊሶቹን በስም በስማቸው እየጠራ ያሾፍባቸው ነበር፤ እኛ በሳቅ ሸክሙ ይቀልለን ነበር። በኋላ እግሩን እንጨት ወጋውና አበጠ። መራመድ ሲያቅተው ኮማላ በምትባል መንደር አንዲት አሮጊት ደጅ ላይ ጥለውት ሄዱ። ሞቷል አልልሽም፣ አልሞተም አልልሽም። ሲያቃዠው ግን ‹ያታ፣ ክሩን አላልተሽዋል› ይል ነበር።»

ያታ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሲነታረክ ነበር። በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ ከእሷ ጋር ሲነታረክ ነበር።

ማዳ ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ወደ ምሥራቅ ልትሄድ ተነሳች። ማዳ ጨውና የትንባሆ ቅጠል ሰጧት፤ በየመንደሩ ማደሪያ ይገዛልሻል ብለው። «ብቻሽን ልትሄጂ?» አላት ላሃይ።

«ስሄድ ነው ብቻዬን የምሆነው፤ ስመለስ ሁለት ነን» አለችው።

ሐሩሩ በበረታበት ወራት ተጓዘች። ከበረሃ የመጣ የአቧራ ጭጋግ ፀሐይዋን ሸፍኗታል፤ ወንዞቹ ጎድለዋል። ኮማላ ስትደርስ አሮጊቷ ደጇ ላይ ካሳቫ እየላጠች ነበር። ያታ ገና አፏን ሳትከፍት ሽቅብ ቁልቁል አየቻት።

«ያታ ነሽ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ረጅም ናት ብሎን ነበር» አለች አሮጊቷ፣ ትንሽ ቅር ያላት ይመስል። «ቁጭ በይ ልጄ። ቫንዲ ሄዷል።»

 ሄዷል። በዚህ አገር ስለ ሙታንም እንዲሁ ነው የሚባለው።

አሮጊቷ ፊቷን አይታ ቢላዋዋን ጣለች። «ኧረ በእግሩ! በእግሩ ነው የሄደው፣ አንቺ ልጅ! በአንድ እግርና በአንድ ዱላ። ቁስሉ ሳይጠግግ አትሂድ ብንለው እምቢ አለ። ‹እኔ ካልሄድኩ እሷ ትመጣለች፣ እሷ ደግሞ መንገድ አታውቅም› አለን። ይኸው እሱ በዚያ ሲሄድ አንቺ በዚህ መጣሽ!» ብላ ሳቀች፤ ያታም እየሳቀች አለቀሰች።

የመመለሻውን መንገድ የተጓዘችው በእሱ ዱካ ነው። አንዱ መንደር ስትደርስ፣ «አዎ፣ አንካሳ ሰው አልፏል፤ የሹማችንን የተተረተረ ሸማ ሰፍቶ ራት በላ» ይሏታል። ሌላው ዘንድ ደግሞ የእሱን ቀልድ ልጆች ሲቀባበሉት ትሰማለች፤ ቆማ ታዳምጥና ሳታርፍ ትቀጥላለች። እሱ ያደረበት ቤት ሲያሳድሯት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ የት ጋ እንደተኛ፣ ወደ የት ዞሮ እንደነበረ ታስባለች። አንድ ወንዝ ዳር የእግሩ ዱካ በደረቀ ጭቃ ላይ ነበር፤ አንድ እግርና የዱላ ጫፍ። አጠገቡ ረጅም ሰዓት ተቀመጠች። ከዚህ በፊት ናፍቆት የምትለው ነገር ይህን ያህል ቅርብ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ቦንደሁን የገባችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ቤታቸው ተከፍቶ ተጠርጓል፤ እሱ ግን የለም። መበለቲቱ ጎረቤቷ ከጓሮ ወጥታ አቅፋ ለቀቀቻትና፣ «መጥቷል፣ መጥቷል» አለቻት።

«የት ነው?»

መበለቲቱ ዓይኗን አሸሸች። «ጣቢያው።»

ያታ ሮጠች። በገበያው በኩል፣ በማዳ ግቢ በኩል፣ የሚጠሯትን ሳትሰማ ሮጠች። ባንዲራው እንጨት ላይ የታሰረ ሰው የለም። ቫንዲ ከጣቢያው በረንዳ ሥር፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ ብሏል። ከስቷል። የግራ እግሩ ደርቆ ወደ ውስጥ ዞሯል። ፀጉሩ መሃል ሽበት ገብቷል። ሲያያት አፉን ከፈተ፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቫንዲ የሚናገረው ሲጠፋው አየች።

«ምን ታደርጋለህ እዚህ?» አለች እያለከለከች። «ባህሩ ድረስ ወርጃለሁ! ኮማላ ድረስ ወጥቻለሁ! አገር ለአገር ስፈልግህ አንተ እዚህ ተጎልተህ…»

«አቤት ልል ነዋ» አለ ቫንዲ ቀስ ብሎ። «ያን ጊዜ አላስጨረሱኝም እኮ። አዲሱ ኮርፖራል ‹ያ ከእኔ በፊት የሆነ ነው፣ እኔ አላውቅም› አለኝ። ትናንትም እንዲሁ አለኝ። ዛሬ ምሳውን ሲጨርስ ደግሜ እነግረዋለሁ።»

«የመበለቲቱን ዶሮዎች?»

«ዶሮዎቹን። እግሬን። አንቺን ያላየሁበትን ጊዜ።» ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። «ይህን የመጨረሻውን እንዴት ብዬ እንደምነግረው ስለጠፋኝ ነው እስካሁን የቆየሁት።»

ያታ ልትቆጣው የያዘችውን ሁሉ ተወችው። ለእሱ ስታስቀምጠው የከረመችው ነገር፣ አዞው፣ ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ማዳ፣ ዓሣ ሻጯ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ጎንበስ ብላ የደረቀውን እግሩን በሁለት እጇ ያዘችው። ቀዝቃዛ ነበር። በመዳፎቿ እስኪሞቅ ያዘችው፤ ቫንዲም ግንባሩን ትከሻዋ ላይ ጣለ።

«ጠጋ በል» አለችው በኋላ። ጠጋ አለላት። ከግድግዳው ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ፣ ተቀመጡ።

ከውስጥ የሳህን ድምፅ ተሰማ። ቆይቶ አዲሱ ኮርፖራል አፉን እየጠረገ፣ ቀይ ቆቡን እያስተካከለ ወደ በረንዳው ወጣ። ገና ወጣት ነው፤ የቦንደሁንን ሰው በስም አያውቅም።

«ዛሬስ አቤት ባይ ማነው?» አለ።

ቫንዲ ዱላውን ሲፈልግ ያታ ክንዷን ሰጠችው። ተደግፏት ቆመ።

«እኛ ነን» አለች።